የቀበሌ ስሕተት በሪያድ ሲነበብ



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቢቸና በነበርሁ ጊዜ፣ ከገጠር የመጡ አንዲት የእናቴ ወዳጅ በላስቲክ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይዘው ወደ ቤታችን ገቡ። ወረቀቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የልጃቸው የፓስፖርት ግልባጭ፣ ሁለተኛው በቅርቡ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሦስተኛው ልጅቱ ከሪያድ በስልክ ልካላቸው ፎቶ ቤት ያሳተሙት የኢቃማዋ ሥዕል ነው። ኢቃማ ማለት በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎችም የዓረብ አገሮች ለውጭ አገር ሰው የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ያለ እርሱ የተገኘ እንግዳ እንደ ሕገ ወጥ ይቈጠራል።

«ልጄ፣ አንተ ፊደል የቈጠርህ ነህ። እስቲ እነዚህን ሦስቱን አስታርቅልኝ» አሉኝ።

ላስታርቃቸው ብሞክር አልታረቁም። ፓስፖርቱና ኢቃማው ልጅቱ የተወለደችው በፈረንጆች አቈጣጠር ሜይ 21 ቀን 1994 ነው ይላሉ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ደግሞ ጥር 21 ቀን 1994 ዓ.ም. ይላል፤ ይህም በፈረንጆች ጃንዋሪ 29 ቀን 2002 መሆኑ ነው።

«እማማ፣ ልጅዎ መቼ ነው የተወለደችው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነዋ! ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ ነው የተገላገልሁ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የቀበሌው ጸሐፊ በመታወቂያዋ ላይ 21/05/1994 ብሎ ጻፈ። ጥር ከመስከረም አምስተኛ ወር ነውና በዚህ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን «ዓ.ም.» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ሳይጨምርበት ቀረ። ቅጹን የሞላላት ሰው ቀኑ በፈረንጆች የተጻፈ መስሎት እንዳለ ገለበጠው። ጥር ሜይ ሆነ። ልጅቱም በአንድ የብዕር ጫፍ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አረጀች።

ለብዙ ጊዜ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የፓስፖርቷ ዘመን ሊያልቅ ሲል ግን ለማሳደሻ የልደት ማስረጃ አምጪ ተባለች። እናቲቱም ወደ ከተማ መጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ምስክር አቁመው እውነተኛውን ቀን ተናገሩ፤ እውነቱም ተጻፈ። እነሆ ዛሬ በመዝገብ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዲቱ ሪያድ ውስጥ ሠርታ የምትኖር የማትወለድ ሴት፣ ሌላይቱ በአስተርእዮ ማርያም የተወለደች ማንም የማያውቃት ልጅ። ፓስፖርት ካልታደሰ ኢቃማ አይታደስም።

«እውነቱን በመናገሬ ነውን ልጄን የጎዳኋት?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እናቴ ቡና አፈላች፣ ሌላ ወሬ ተወራ።

እኔ በማውቀው ሠፈር ባሕር ማዶ ልጅ ወይም እኅት የሌለው ቤት እየጠፋ መጥቷል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ስንቱን ወጣት ወደ ሪያድ፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤይሩት እንዳደረሰ የመንገዱ ዳር ሰው ያውቀዋል። እኛ ግን በዚህ በግቢያችን ስለ ስደት ስንከራከር፣ ክርክራችን ሁልጊዜ ከድንበሩ ይጀምራል፤ ስለ ደላላው፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ክፉው አሠሪ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚያ በፊት ስላለው ጠረጴዛ ነው፤ አንድ ጸሐፊ በእስክርቢቶ የሰውን ስምና ዕድሜ ስለሚጽፍበት ጠረጴዛ። የውጭ አገር መኖሪያ ፈቃድ የሚቀዳው ከፓስፖርት ነው፤ ፓስፖርት የሚቀዳው ከቀበሌ መታወቂያና ከልደት ምስክር ወረቀት ነው። ምንጩ የደፈረሰ እንደ ሆነ የታችኛው ውኃ አይጠራም። ይህንን ምንጭ ማጥራት ደግሞ ከእኛ ከተማሪዎቹ ዐቅም በላይ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ግን ኢቃማ ምን ያህል እንደሚከብድ ላስረዳ፤ አንዳንዱ ጓደኛችን እንደ ተራ መታወቂያ ያየዋልና። ኢቃማ የያዘ ሰው ስልክ በስሙ ያወጣል፣ ገንዘብ በባንክ ለወላጆቹ ይልካል፣ ሐኪም ቤት ይገባል። የሌለው ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ወጪውንና ማሳደሱን የሚመለከተው አሠሪው ነው፤ ፈቃዱም ከአሠሪው ስም ጋር የተሳሰረ ነው። ሠራተኛዪቱ ከቤቱ ብትወጣ አሠሪው «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያስመዘግባል፤ ይህንንም «ሁሩብ» ይሉታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእጇ ያለው ካርድ ጌጥ ነው። ፈቃዱ የሚታደሰው በመንግሥቱ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ካርዷን በቦርሳዋ ይዛ የምትኖር ልጅ ፈቃዷ መቃጠሉን የምታውቀው ፖሊስ ሲጠይቃት ሊሆን ይችላል። ፓስፖርቷን አሠሪው ይዞ እንዳያስቀር የአገሩ ደንብ ይከለክላል፤ በቤት ውስጥ ግን ደንቡን ማን ያነብባል?

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ሠራተኛ ከአሠሪ ወደ አሠሪ እንዲዛወርና ያለ አሠሪው ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ የሚፈቅድ ማሻሻያ ሥራ ላይ አውሎ ነበር። ዓለም አመሰገነ። የቤት ሠራተኞች፣ የግል ሹፌሮች፣ እረኞችና አትክልተኞች ግን በማሻሻያው ውስጥ አልገቡም። የእኛ አገር እኅቶች በብዛት የተሰማሩት በዚያው በቀረው ሥራ ነው።

ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ አይተናል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው ተመለሱ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. እንደ ገና የምሕረት ጊዜ ታውጆ፣ ወረቀት የሌለው በገዛ ፈቃዱ እንዲወጣ ተባለ። በ2012 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ በቤይሩት ከተማ ደመወዛቸውን ያልተከፈሉ እኅቶቻችን ከነሻንጣቸው በአገራችን ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ሲያድሩ በዓለም ጋዜጦች አየናቸው፤ ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው በእጃቸው አልነበረም። ሰው በዚያ ሰዓት ማን እንደ ሆነ የሚያስረዳለት አገር ቤት የቀረ አንድ ግልባጭ ብቻ ነው፤ እርሱም ካለ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልመለስ።

ስማችንን እንመልከት። የጎጃም ስም ጠንካራ ፊደል ይወዳል። ጫኔ የሚባል ሰው ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጨ እና ቸ ስለማይለዩ ቻኔ ይሆናል። ዐረብኛ ደግሞ ቸ የሚባል ድምፅ የለውምና ት እና ሽ ተገጣጥመው ይጻፋሉ፤ ጫኔ በሦስተኛው ጽሕፈት ላይ ሲደርስ ራሱ ቢጠራ የማይሰማው ስም ሆኗል። ጳውሎስማ ባውሎስ ነው፤ ፐም ጰም በዐረብኛ የሉም። የከፋው ደግሞ ኀይለ ማርያም፣ ገብረ መድኅን የሚባሉት ጥንድ ስሞች ናቸው። ጸሐፊው በመካከሉ ባዶ ቦታ የተወ እንደ ሆነ፣ አባቷ ኀይለ ማርያም የተባለ ልጅ በውጭ አገር መዝገብ አባቷ «ኀይለ»፣ አያቷ «ማርያም» ይሆናሉ። እኛ የቤተ ሰብ ስም የሚባል ልማድ የለንም፤ በፈረንጅ ቅጽ ላይ ግን የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። በዚህ ምክንያት አባትና ልጅ ሁለት የተለያየ «የቤተ ሰብ ስም» ይይዛሉ፤ አባቱም ልጄ ናት ብሎ ሲቀርብ ወረቀቱ ባዕድ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ማስቀረት ባይቻልም፣ ቢያንስ በመታወቂያው፣ በልደት ወረቀቱ፣ በትምህርት ቤት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲጻፍ ማድረግ ይቻላል። አንድ ዓይነት ስሕተት ከሦስት ዓይነት እውነት ይሻላል ብል የሕግ መምህሮቻችን ይቈጡኝ ይሆን?

ዘመን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው። ከቢቸና ሪያድ የምትሄድ ልጅ ሦስት ካላንደር ተሸክማ ትሄዳለች፤ የእኛን፣ የፈረንጆችን፣ የሂጅራን። የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ ከእኛ ዓመት ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ያጥራል። የሳዑዲ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቶቹ ጊዜ በፈረንጆች አቈጣጠር እንዲሰላ እስኪወስን ድረስ፣ ከመስከረም እስከ መስከረም እያለ የቈጠረ ሰው ጊዜው አልፎበት ይገኝ ነበር። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር በማያውቅ ቅጽ ላይ ልደቱን ማስገባት ይቸግረዋል፤ ጸሐፊውም ችግሩን «መስከረም 1» ብሎ ይገላገለዋል። እንግዲህ ባሕረ ሐሳብን በጣቱ የሚቈጥር፣ ጾምና በዓልን ለመጪው መቶ ዓመት አስልቶ የሚነግር ሊቅ በማይጠፋበት በጎጃም ምድር፣ አንድ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ መመለስ አቅቶን ሰው መከራ ማየቱ ያሳፍራል።

እስካሁን የተናገርሁት ሳይታወቅ ስለሚደረግ ስሕተት ነው። ታውቆ የሚደረግም አለ፤ እርሱን ብሸፍን ጽሑፌ ውሸት ይሆናል። ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይጠይቃል። ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናትን ልጅ ሃያ ሁለት ነኝ እንድትል የሚያስተምር ደላላ አለ፤ የሚፈርምላት ሰው አለ፤ ዝም የሚል ወላጅም አለ። እኔ ራሴ ባንድ ወቅት፣ ስሙን በማልጠራው ጽሕፈት ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከእኔ ፊት የቆመችው ልጅ ዕድሜዋን ስትጠየቅ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አብሯት የመጣውን ሰውዬ ዓይን ዓይኑን ስታይ አይቻለሁ። ዕድሜዋን ሰውዬው ነገራት። እርሷም ተናገረች። ተጻፈም። እኔም ምንም ሳልናገር መታወቂያዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው በሰው ለመፍረድ እንዳይመስልባችሁ ብዬ ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለው ነገር በሌላ ወረቀት ይሸፈን ነበር። ዛሬ ግን በ1284/2015 አዋጅ የቆመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ይወስዳል፤ ሳዑዲም አሻራ ትወስዳለች። ወረቀት ቢቀየር ጣት አይቀየርም። በልጅነቷ ሃያ ሁለት የተባለች ልጅ ያንን ዕድሜ ዕድሜ ልኳን ይዛው ትኖራለች፤ ልታገባ ስትል፣ ልትማር ስትል፣ ርስት ልትካፈል ስትል ይጠይቃታል። ተሳሳተ ብሎ አዲስ ፓስፖርት ማውጣትም ቀላል አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የመደበኛው ፓስፖርት ክፍያ ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ለገበሬ ስንት ጣሳ ጤፍ እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የሠፈራችን ሰው ለምን ወረቀቱን አያነብበውም? የሚል ይኖራል። በእኛ አገር ወረቀት ከጥንት ጀምሮ የመንግሥት እንጂ የባለቤቱ ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ገበሬ «መሬታችንን ሊለኩ ነው» ብሎ መዝጋቢዎቹን አላስገባም አለ፤ ነገሩ እስከ ጦር አደረሰ፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያ ገበሬ ወረቀት ሲያይ የሚወሰድበትን ነበር የሚያስበው፤ ተሳስቶም አልነበረም። የእርሱ የልጅ ልጅ ዛሬ ከንጋት ጀምራ ወረቀት ፍለጋ ትሰለፋለች። አያቷ ከወረቀት ሸሸ፤ እርሷ ወረቀት ታሳድዳለች፤ ሁለቱም ግን ውስጡ ምን እንደ ተጻፈ አላነበቡትም። ሲሰጣት ስማ ከላስቲክ ውስጥ ትከትተዋለች።

ይህ የገጠር ሰው ነገር ነው፣ እኛ ተምረናል የሚል ጓደኛ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ቻይና የሚሄድ ተማሪ ከሆቴል ውጭ ካደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ፣ ለረጅም ትምህርት ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ጀርመን የሄደ ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት አድራሻውን ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ያለዚያ ሌላው ነገር ሁሉ ይቆማል። በዚያ የሚቀርበው ማስረጃ ያው ከአገር ቤት የሄደው ነው። ዲግሪው ላይ አንድ ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ስም የያዘ ምሩቅ ከእማማ ልጅ በምን ይለያል? ኢትዮጵያ ድርብ ዜግነት ስለማትፈቅድ፣ በውጭ ዜግነቱን የለወጠ የሞጣ ተወላጅ ደግሞ ወደ ተወለደበት ቤት የሚመለሰው በ270/1994 አዋጅ በተፈቀደው በቢጫ ካርድ ነው። ያንን ካርድ ለማግኘትም ኢትዮጵያዊ ትውልዱን የሚያስረዳ ማስረጃ ይጠየቃል። ዞሮ ዞሮ ያው ጠረጴዛ ነው።

አንዳንድ ጓደኞች ሐሳቤን ሳጫውታቸው «ይህ ስደትን ማመቻቸት ነው፤ የተማሪ ማኅበር ወጣቱ በአገሩ ሠርቶ እንዲኖር መታገል ነው ያለበት» አሉኝ። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ እኔም ቢቀሩ እወድዳለሁ። ነገር ግን መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን ሲያግድ መሄዱ ቆሞ ነበርን? በጅቡቲ በኦቦክ፣ በመተማ በኩል ያለ ወረቀት መሄድ ቀጠለ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። የምትሄደው ልጅ ትሄዳለች፤ ጥያቄው ማን ሆና ትሄዳለች ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአገልግሎት ስም ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው ማስተማር ጀምረው ነበር። የእኔ ሐሳብ ከዚያ በጣም ያንሳል። የቢቸናና የሞጣ ልጆች የሆንን ተማሪዎች፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በመጪው ክረምት በሁለቱ ከተሞች አንዳንድ ጠረጴዛ እንዘርጋ። ሰው ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ እኛ ፊደል በፊደል እናንብብለት፤ ከእናት ወይም ከክርስትና አባት ቃል ጋር እናመሳክረው፤ የልደቱን ቀን በኢትዮጵያና በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ወሩን በቍጥር ሳይሆን በስሙ ጽፈን እንስጠው። ስሕተት ከተገኘ ከመሄዱ በፊት እዚያው ያሳርም፤ አገር ቤት ባንድ ሳምንት የሚያልቀው ከባሕር ማዶ ሲሆን ዓመት ይፈጃል። የፓስፖርቱንና የኋላ ኋላም የኢቃማውን ግልባጭ፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ ጭምር፣ ወላጅ በቤቱ እንዲያስቀምጥ እንምከር። ግልባጩ የወረቀት ይሁን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ የልጁን ሁሉ ነገር በስልክ ብቻ ያስቀመጠ ቤተ ሰብ ምን እንደ ሆነ አልረሳነውም።

ሞጣ ላይ ደግሞ ቢቸና የሌለን ሀብት አለ ይሉኛል የሞጣ ጓደኞቼ፤ በመስጊድ ዐረብኛ ያነበቡ ተማሪዎች። የሥራ ውሉንና የኢቃማውን ጽሕፈት እነርሱ ያንብቡልን፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ የቄስ ልጆች ካላንደሩን ይያዙ። ባንድ ጠረጴዛ አብረው ቢቀመጡ ለሌላም ነገር ይበጃል። የሕግ ክፍል መምህራንን የምለምነው፣ የስምና የልደት ቀን ስሕተት በምን መንገድ እንደሚታረም፣ ፍርድ ቤት መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ማንኛውም ሰው በሚገባው አማርኛ አንድ ገጽ እንዲጽፉልን ነው። ገጹን በዚሁ በማኅበራችን ማባዣ እናባዛዋለን። ከማንም አንድ ሳንቲም መቀበል አይገባም፤ ከዚህ በፊት ወረቀት እሞላለሁ ብሎ ጠረጴዛ የዘረጋ ሁሉ ደላላ እየሆነ የቀረው ከዚያች ሳንቲም ተነሥቶ ነው። እንዲሁም ዕድሜ የሚያስጨምር ቢመጣ አንጽፍለትም፤ በዚህ ከተማማልን እጀምራለሁ፤ ያለዚያ ይቅር።

የእማማ ልጅ ጉዳይ እስካሁን አላለቀም። እናቲቱ የቀድሞውን የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ ከመዝገብ ለማስፈለግ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ «ዓ.ም.» የሌለበት ያ ቍጥር በመዝገቡ ላይ እንዴት እንደ ተጻፈ ቢታይ ስሕተቱ ከመገልበጥ የመጣ መሆኑን ለማስረዳት ይረዳል ብለን ነው። ማመልከቻውን እኔ ጽፌላቸዋለሁ። ልጅቱ በየሳምንቱ ዐርብ ማታ ትደውላለች፤ እናቷም «አንብበው ነበር በሏት» ብለውኛል።